የትርሲት ቤት ጣሪያ

«ስፋት ማስላት የማሽኑ ሥራ ነው፤ ሰው እንዳይለካ ተከልክሏል አልኩሽ እኮ!» አሉ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ድንቁ፣ የክፍሉ በር ላይ ቆመው።

«ማሽኑማ ጎበዝ ነው፤ ከአራት ማዕዘን ሌላ አያውቅም እንጂ» አለች መምህርት አስካለ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ከተማው ውሃ የሚያድለው በጣሪያ ስፋት ነው። ማሽኑ የተማሪዋን የትርሲትን ቤት ሲለካ ወደ ጎን ወጣ ያለውን ጓዳ ይተወዋል። ስለዚህ የሚደርሳቸው ውሃ አይበቃም፤ ትርሲት ገላዋን የምትታጠበው ታናሽ ወንድሟ በታጠበበት ውሃ ነው።

አሁን ሰሌዳው ላይ የቤታቸውን ጣሪያ ስላ፣ ጓዳው የሚጀምርበት ላይ መስመር አሰመረች። «ሁለት አራት ማዕዘን ሆነ። ለየብቻ አስልቼ እደምራቸዋለሁ።»

«ልጆቹ ይህን ይዘው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሊሰለፉልሽ ነው?» አሉ አቶ ድንቁ አስካለን።

«አዎ፣ ከነወላጆቻቸው።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አስተማሪ አይደለሽም። ውጪ!»

«እሺ ጋሼ።» አስካለ ጠመኔዋን ለትርሲት ሰጠቻት።

ትርሲት ወደ ክፍሉ ዞረች። «ቀጥሎ የማን ቤት ነው?»

«የእኛ!»

«አይ፣ የእኛ! የእኛማ ሦስት ቦታ ነው የሚቆረጠው!»

ልጆቹ እጃቸውን እያወጡ ወደ ሰሌዳው ተጋፉ። አስካለ ቦርሳዋን አንግታ በአቶ ድንቁ አጠገብ አልፋ ወጣች።