አስራ ሁለተኛዋ የአብራሪ ሰዓት

"ቦርሳህን ክፈት!" አልኩት።

ሰውዬው ቦርሳውን ደረቱ ላይ እቅፍ አደረገው።

"ክፈት አልኩህ እኮ!"

ጊዜው 2014 ነው። ጦርነቱ ከከተማችን ከሐይቅ ከወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ፀጉረ ልውጥ ስናይ ደማችን ይፈላል።

ይሄ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ መናኸሪያው አካባቢ እየዞረ "አሮጌ የወታደር ሰዓት ያለው አለ?" እያለ ሽማግሌ ሲጠይቅ ነው የከረመው።

በዚህ ጊዜ የወታደር ሰዓት ምን ያደርግለታል?!

ጓደኛዬ ኑርዬ ባጃጁን አቁሞ "ወላሂ ሰላይ ነው!" አለኝ። አመንኩት... እንዲያውም ከራሴ ጨመርኩበት።

ቦርሳውን ነጥቄ ከፈትኩት።

አስራ አንድ የእጅ ሰዓት! ሁሉም አንድ ዓይነት... ፊታቸው ጥቁር፣ ጎናቸው ላይ ሁለት ቁልፍ፣ ሰከንድ ለብቻ የሚቆጥሩ፣ ድሮ ለአየር ኃይል አብራሪዎች የሚታደሉ። ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተቀርጿል።

"ከሬሳ ላይ ገፎ ነው! ሌባ!" ብዬ ጮህኩ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ኮሌታውን ያዘው።

ሰውዬው ግን ተረጋግቶ "ዝናው እባላለሁ፤ የውጫሌ ልጅ ነኝ" አለ። "የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ... እዚህ ከተማ ሰዓቱን በፈረንጅ የሚሞላ ሽማግሌ አለ?"

ኮሌታውን የያዘው ሰው ለቀቀው።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሐይቅ ውስጥ ይሄን የማያውቅ የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን የአባቴ የእጅ ሰዓት ሰባት ላይ ናት። "እንድሪስ ጋሼ፣ ፈረንጅ አገር ስንት ሰዓት ሆነ?" እያሉ ያሾፉበታል። እሱ "የውጭ ሬዲዮ ለመከታተል ነው" ይላል። እኔም ይሄንኑ አምኜ ነው ያደግኩት።

የአባቴም ሰዓት ፊቷ ጥቁር መሆኑ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ዝናውን ይዤው ቤት ሄድኩ። መጠርጠሩንስ አልተውኩም... ማንን እንደምጠረጥር ግን ጠፋኝ።

አባቴ ዙህር ሰግዶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

"እንደምን ዋሉ አባቴ" አለ ዝናው ጎንበስ ብሎ። "የአሻግሬ ልጅ ነኝ... የመጋዘኑ ኃላፊ የአሻግሬ።"

አባቴ እጅጌውን ሳብ አድርጎ ሰዓቱን ሸፈነ። ያረቢ! ምነው ባላየሁ!

ዝናው ቀጠለ። "በ1975 ከአየር ኃይል መጋዘን አስራ ሁለት የእጅ ሰዓት ጠፋ። አባቴ አራት ዓመት ታሰረበት። ዛሬም ውጫሌ ላይ 'ሌባው አሻግሬ' ነው የሚባለው። አሁን አልጋ ይዟል... ብዙም አይቆይም። ዘጠኝ ዓመት ገበያ ለገበያ ዞሬ አስራ አንዱን በቁጥራቸው አግኝቻለሁ። የቀረችው ሰባት ቁጥር ናት።"

"ስሜን ነገረህ?" አለ አባቴ።

"በጭራሽ! 'ልጅ አለው፣ ልጁን አታሳፍርበት' ብሎ ከለከለኝ። አንድ ቀን ብቻ አመለጠው... 'አየር ኃይል ሥራው ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ያ የሐይቁ ረዳቴ እስከዛሬም እንደዚያው ሳይሞላ አይቀርም' ብሎ ሳቀ።"

ልጁ እኔ ነኝ።

አባቴ ወታደር ቤት እንደነበረ እንኳ አላውቅም ነበር።

ሰዓቷን ፈታና ገለበጣት። ሰባት ቁጥር።

"እናትህ አንተን ልትወልድ ታማ ነበር" አለኝ። "ለማሳከሚያዋ ብዬ አስራ አንዱን ሸጥኳቸው... ይቺን ግን ወደድኳትና አስቀረኋት።"

ዝናው "ሰዓቷ ትቅርብኝ አባቴ። ጎረቤት ፊት አንድ ቃል ብቻ ይበሉለት" አለ።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ?

መንገድ ላይ "ሌባ!" ብዬ የጮህኩት እኔ... "እባክህ ወንድሜ ቀስ ብለህ አውራ፣ ሰው ይሰማል!" አልኩት። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

አባቴ ግን ተነሳ። "ሚኒባስ ፈልግ" አለኝ።

ውጫሌ ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። አባቴ መሀል ቆሞ "ሌባው እኔ ነኝ። አሻግሬ ንጹሕ ነው" አለ።

ጋሽ አሻግሬ ካልጋው ቀና አለ።

"ሰማችሁ?" አለ። "ሰማችሁ?... ሰማችሁ?"

በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ዛሬ ሐይቅ ላይ "የሌባው ልጅ" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ! ዝናው ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት የለ?

ወገኖቼ፣ ጥርጣሬያችን ሁሌም እንግዳው ላይ ነው። የእንግዳውን ቦርሳ እንበረብራለን፣ የገዛ ቤታችንን ግን አንፈትሽም። አባቴን አስፈቅጄ ነው የጻፍኩት።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... እናንተ ብትሆኑ አባታችሁን ይዛችሁ ውጫሌ ትሄዱ ነበር? ወይስ ዝናውን አባርራችሁ በሩን ትዘጉ ነበር?