ዕጣ ለአንድ ሰው አይፈርስም

«ውሸት ነው እያልኩዎት፣ አያ ታዘበው» እላለሁ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እንጃ። «የአርሴማ ውጤት ውሸት ነው። ወረቀቷን ማንም አላረመውም።»

አያ ታዘበው የልጃቸውን ሻንጣ በገመድ እያሰሩ ነው። አርሴማ አሥራ አንደኛ ክፍልን ትታ ነገ በጠዋቱ መኪና ደጀን ትወርዳለች፤ በአክስቷ አልቤርጎ አልጋ ልታነጥፍ።

«ካልታረመ ታዲያ ዝቅተኛ ነሽ ያላት ማን ነው?»

«ዕጣው።»

እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሀብተ ሥላሴ የሚባል የሥነ ልቦና ተማሪ ለማስትሬቱ ጥናት ይሠራል። እኔን፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቢቸና ቤታችን ደጅ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ወረቀት አዳይ አድርጎ ቀጠረኝ። ሞጣ መጥተን ተማሪዎቹን እንቆቅልሽ ፈተንናቸው። ስማቸውን ኮፍያ ውስጥ ከተትንና በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው፤ ግማሹን «ጎበዝ ናችሁ»፣ ግማሹን «ጭንቅላታችሁ ለዚህ አይሆንም» አልናቸው። እንዲያ የተባለ ሰው ቀጣዩን እንቆቅልሽ ምን ያህል እንደሚታገለው ለማየት ነው። እውነቱ ወዲያው ከተነገራቸው ገና ያልተፈተኑት ይሰሙብናል ተብሎ ሳምንት ቆየ። በሳምንቱ ልንነግራቸው ስንመጣ አርሴማ ትምህርት ቤት የለችም፤ ለሌሎቹ ሳንነግር መጀመሪያ እሷን ፍለጋ እዚህ መጣሁ።

«ገብቶኛል» ይላሉ ገመዱን እየሳቡ። «ዕጣ ወጣላት።»

«እኮ፣ ዕጣ ስለሆነ ነው ውሸት የሆነው።»

እብድ እንደሚያይ ሰው ቀና ብለው ያዩኛል። «በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል ለእኔ ድንጋያማው ደረሰኝ። ለዚህ ለጎረቤቴ ለይስማው ደግሞ ከወንዙ ዳር። ይኸው እስከ ዛሬ ድንጋይ አርሳለሁ። ውሸት ነው ብዬ ማን ዘንድ ሄድኩ? ማትያስስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በምን ሆነና?»

«እነሱ ጸልየው ነው የጣሉት። ይህን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ በሀብተ ሥላሴ ኮፍያ። ጸሎትም አላደረስንም።»

«እሱ የእናንተ ጉድለት ነው።»

አርሴማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። እኔ ራሴን ከግድግዳው ጋር ባጋጨው ደስ ባለኝ።

«እሺ፣ ዕጣውን የጣልኩት እኔ፤ ያፈረስኩትም እኔ። ፈርሷል።»

እጃቸው ገመዱ ላይ ይቆማል። «ለእሷ ብቻ? የስንዱስ?»

ስንዱ የይስማው ልጅ ናት፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለች የአርሴማ የክፍል ጓደኛ። ለእሷ የወጣላት «ጎበዝ» ነው።

«እሷም ይነገራታል። ለሁሉም ነው የሚነገረው።»

«ነገርካት?»

«ከዚህ ስወጣ።»

«እንግዲያው እፊቴ ንገራት። ዕጣ ለአንድ ሰው አይፈርስም። የእሷ ከፈረሰ የልጄም ፈረሰ፤ ሻንጣውን እፈታለሁ።»

«አትንገራት» ትላለች አርሴማ። ከመጣሁ ጀምሮ ድምጿን ስሰማ ገና አሁን ነው። «ሒሳብ ትወድቅ ነበር። ጎበዝ ከተባለች ወዲህ ስታነብ ነው የምትውለው። እኔ ደጀን ብሄድ ይሻለኛል።»

«አንቺ ዝም በይ» እንላለን፣ እኔና አባቷ እኩል።

አያ ታዘበው በአጥሩ ላይ ይጣራሉ። ስንዱ ደብተሯን እንደታቀፈች ትመጣለች። ስታየኝ ፊቷ ይፈካል።

«ሌላ እንቆቅልሽ አመጣህ?»

እነግራታለሁ፤ ኮፍያውን፣ ዕጣውን፣ ሁሉንም። አትከራከረኝም። ቀኑን ሙሉ የምለው የሚገባው ሰው ስፈልግ ውዬ ይኸው አገኘሁ፤ እንዲህ ቶሎ ባይገባት ምን ነበረበት።

«ጎበዝ አይደለሁማ» ትላለች።

«አላውቅም። ወረቀትሽን ማንም አላየውም።»

አያ ታዘበው ቋጠሮው ቢጠብቅባቸው በጥርሳቸው ይፈታሉ። ስንዱ ከአርሴማ ጎን ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ደብተሩ ጭኗ ላይ ይከፈትና ገጹን በመዳፏ ትሸፍነዋለች። አርሴማ ጎንበስ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታነሣላታለች።

«የት ደርሰሽ ነበር?»