ሰባት ተከታዮች

ልጅቷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የክፍል ጓደኞቿ ምሳቸውንም ኩርፊያቸውንም ሳይቀር ለዓለም ሲያሳዩ፣ የእሷ ገጽ ጥርቅም ተደርጎ ተቆልፏል። ተከታዮቿ ሰባት ብቻ ናቸው። እውነተኛ ስሟን አትጽፍም፣ የትምህርት ቤቱን በር አታሳይም። ፎቶ የምትነሳው ባዶ ግድግዳ ተደግፋ ነው።

ወዳ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ የእናቷን ክንድ ሲሰብር፣ እናትና ልጅ አንድ ሻንጣና የእናትየዋን የስፌት መኪና ይዘው ከዚያ ከተማ ጠፉ። ካገኛቸው እንደሚገድላቸው ዝቶ ነበር፤ ያ ሰውዬ ደግሞ የዛተውን አይረሳም። እናትየዋ ክንዷ በብርድ ይጠዘጥዛታል፤ ስሙን ግን በክፉ አንስታ አታውቅም።

አከራያቸው ሦስት ቁልፍ ሰጠቻቸው። አንዱ ልጅቷ አንገት ላይ ዋለ፣ አንዱ ከእናቷ መቀስ ጋር ታሰረ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን ተብሎ መሳቢያ ገባ። ልጅቷ አዲስ ስልክ ስታገኝም አሮጌውን እንዳለ፣ ገጿን እንኳ ሳትዘጋበት ለእናቷ ሰጠቻት፤ የደንበኞቿን ልኬት ትመዘግብበታለች።

ሰኞ ዕለት ከማታውቀው ቁጥር መልእክት መጣ። «እንቡጤ፣ ፀጉርሽን ማሳጠርሽ አምሮብሻል።»

ክው አለች። እንቡጤ ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነው። የአጭር ፀጉሯን ፎቶ የለጠፈችው ደግሞ ትናንት ነው።

ከሰባቱ አንዱ አሳልፎ ሰጥቷታል ማለት ነው። ጥርጣሬዋ አጠገቧ የምትቀመጠው ቀበጧ ላይ አረፈ፤ ያቺ ልጅ የሰማችውን ካላወራች እንቅልፍ አይወስዳትም። ብትምል ብትገዘት ጆሮ አልሰጠቻትም፤ ከገጿ አስወጣቻት። ቀበጧ ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አለቀሰች።

ረቡዕ ለሙከራ ሌላ ፎቶ ለጠፈች። «አረንጓዴ ሹራብ ይሄድብሻል» የሚል መጣ። ስድስቱንም ጠራርጋ አባረረች። ሐሙስ፣ አንድም ተከታይ በሌለበት ገጽ ላይ የመጨረሻ ፎቶዋን አወጣች።

«መነጽር መቼ ጀመርሽ፣ እንቡጤ?»

አርብ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት። እናትየዋ የስፌት መኪናውን ሳታቆም አዳመጠች። ፖሊስ ጋ እንሂድ ስትላት ሰኞ ይደርሳል አለቻት። ልጅቷም እናቴ ደንግጣ ነው ብላ ነገሩን ተወችው።

ቅዳሜ ምሳ ሊበሉ ተቀምጠው ሳለ የውጭው በር ላይ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። ልጅቷ አንገቷን ዳበሰች፤ ቁልፏ አለ። መቀሱን አየች፤ የእናቷም አለ።

«ሳህን ጨምሪ» አለች እናትየዋ፣ ቀና ሳትል። «አባትሽ ነው።»