ከአልጋ አልጋ

«የእኚህን እናት ቁስል ማን ነበር የሚያጥብላቸው?» ይለኛል ዶክተር ፈቀደ፣ ጎናችን ወዳለው አልጋ በአገጩ እያመለከተ።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አላቸው?»

ደሞ ይጠየቃል እንዴ! አዮ ሙሚና፣ በኦሮምኛ እማማ እንደ ማለት ነው፣ የዲንሾ ሰው ናቸው። ከፈረስ ወድቀው እግራቸው ቢሰበር ልጃቸው አስተኝቷቸው ወደ ከብቶቹ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ከሮቤ መጥቼ፣ ሀይሚን፣ አንድ ልጄን፣ ትርፍ አንጀት አስወጥቼ እያስታመምኩ እዚሁ አጠገባቸው አለሁ። ታዲያ ሲያቃስቱ ዝም ብዬ ልያቸው? ነርሷ እስክትደርስ መግሉን እጠርግላቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ ከዚያ ዞር ብዬ ሀይሚን አጎርሳለሁ። በመስኮቱ በኩል የተኛችውን ኢየሩስንም ትራሷን አስተካክልላታለሁ። የታመመ ሰው እያዩ ማለፍ ከየት የመጣ ነገር ነው?

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከሀይሚ ስፌት የወሰዱት መግል ውጤቱ መጥቷል። የአዮ ሙሚና ቁስል ላይ ያለው ያው ባክቴሪያ ነው። ኢየሩስም ላይ ተገኝቷል። በዓይን አይታይም፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሞክረውበት አንዱም አልበገረውም።

«ማን አውቆ? ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ይለኛል።

«ጥፋቱን ተወውና የልጄን ንገረኝ። አዲስ አበባ ልውሰዳት?»

«መንገዱን አትችለውም። ደሟ ውስጥ ገብቷል።» መሬት መሬቱን ያያል። «እንግዲህ ይጸልዩ።»

ወይኔ ልጄን! ሐኪም ጸልዩ ካለ ምን ቀረ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ እኮ አልፈራሁም፣ ማንንም አልጠላሁም። በገዛ እጄ ነው ያጎረስኳት።

ዶክተሩ ሲሄድ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ሀይሚ ትኩሳቱ ከንፈሯን ሰነጣጥቆታል። ግንባሯን ልዳብስ እልና እተወዋለሁ።

«ኢንታላ ኮ፣ ቢሻን» ይላሉ አዮ ሙሚና። ልጄ፣ ውሃ ማለታቸው ነው።

አልዞርም። ምነው ባላወቅኋቸው! ምነው የዚያን ቀን ሌላ ክፍል ባስተኙን! እሳቸው ምኑን ያውቃሉ፤ እንደ ልማዳቸው ረቢ ልጅሽን ይማርልሽ ይሉና ደግመው ይጣራሉ።

«እማዬ፣» ትላለች ሀይሚ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አዮ ውሃ ይላሉ። አልሰማሽም እንዴ?»

እጄን ከነጠላው አወጣለሁ። ከእንግዲህ ከምን ላድናት ብዬ ነው የምሸሽገው? ውሃ እቀዳና የአሮጊቷን ራስ ደግፌ አጠጣቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ልጄ እዞራለሁ። በዚያው ኩባያ፣ በተረፈው ውሃ፣ ከንፈሯን አርስላታለሁ።