የመርዶ ነጋሪው እጅ

ልጆቼ፣ በእኛ ሰፈር የሞት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሲነግር የኖረውም አንድ ሽማግሌ ነበር። የዕድሩን ሰዎች ሲያስተምር፣ «ከመናገራችሁ በፊት የሰውየውን እጅ ያዙ» ይላቸዋል።

በኋላ ካንሰር ይዞት ምላሱ እኩሌታው ተቆረጠ፤ አንደበቱም ተኮላተፈ። በሽታው ይመለስ እንደሆነ በዘረመል ምርመራ ይታወቃል ተብሎ ናሙናው ከተማ ተላከ። ውጤቱን ልታመጣ አንድያ ልጁ ትርንጎ ሄደች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የዕድሩ ሰዎች መጡ። ሲያያቸው ፈገግ አለ።

«እኔው ያስተማርኳችሁን በእኔው ጀመራችሁ? አይዟችሁ፣ ንገሩኝ። ትርንጎ አልችልም ብላ ነው የላከቻችሁ፣ አይደል?»

ጓደኛው ከፍያለው አጠገቡ ተቀመጠ።

«ምርመራውስ ደግ ነው፣ ወንድሜ። አይመለስም ተብሏል። ትናንት መኪና ልትሳፈር ስትል ደውላ ነገረችኝ፤ ከደስታዋ ብዛት ታለቅስ ነበር።»

ሽማግሌው እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ተመስገን! ታዲያ ለምሥራች ምን በጎህ አስመጣችሁ? ልጄንስ የት ጥላችኋት መጣችሁ?»

ከፍያለው የተዘረጉትን እጆች ቀስ ብሎ አወረደና ያዛቸው።