የታጣፊ ስልክ ጠላት

«ታጣፊ ስልክ ማለት ፋብሪካው አስቀድሞ ሰብሮ የሚሸጥልህ ስልክ ነው!» ይል ነበር አንድ ስልክ የሚገመግም ወጣት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዩቲዩብ ቻናሉ። ተከታዮቹ የሚወዱትም ለዚሁ ነው፤ አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ጉዱን ያወጣል፣ የነጋዴ ስጦታ አይነካም፣ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አይሠራም።

ይኸው ሰው ፍቅረኛውን ፍሬሕይወትን ለማግባት ወደ አባቷ ሽማግሌ ላከ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎን ገብተው፣ «መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እሱ ከአጥሩ ውጭ መኪና ውስጥ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ጋሽ ተሰማ ወጡ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የማየው ልጅ አይደል? አሉ። ልጄን እሰጠዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ያድርግልኝ አሉ።» ጎንበስ ብለው የቀረውን በጆሮው ነገሩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጥሎሹን ብጨምርስ?»

«ጥሎሽ አልፈልግም ብለዋል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ታጣፊ ስልክ ከፈት ዘጋ እያደረገ ብቅ አለ። «ወገኖቼ፣ ተሳስቼ ነበር! ታጣፊ ያልያዘ ሰው፣ ስልክ አለኝ ብሎ አያውራ!»

«ስንት ከፈሉህ?» ሲል አንዱ ተከታይ ጻፈበት።

«እናቴ ትሙት፣ አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም!» ብሎ መለሰለት።

ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። በአማቱ የመርካቶ ሱቅ ዓመት ሙሉ አቧራ ለብሰው የከረሙት ሦስት መቶ ታጣፊ ስልኮች፣ ጥር ሳይገባ ተሸጠው አለቁ።