የቅኝት ሣጥኑ ኮድ

«ጠፍቷል አልኩሽ እኮ» አለ ደሳለኝ፣ የሣጥኑን ክዳን በካቻቢቴ እየፈታ። «ድርጅቱ ሲዘጋ ኮምፒውተሮቹ ተሸጡ። ኮዱም አብሮ ሄደ።»

ሶስና ከባሕር ዳር በጧቱ ሚኒባስ ተነሥታ፣ ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ደብረ ታቦር የገባችው። አሁን በደሳለኝ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በማሽኑና በግድግዳው መካከል ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ሣጥኑን የሠራው ደሳለኝ ራሱ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሽቦ እየተያያዙ የሚጫወቱ የሙዚቃ ሣጥኖች ይሠሩ ነበር። አንዱ ሣጥን ድምፁን ይፈጥራል፤ ሌላው ያቀጥነዋል፣ ያወፍረዋል፤ የደሳለኝ ደግሞ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ይቃኘዋል። ሙዚቀኞች ወደዷቸው። በኋላ ዕቃ ማስመጣት አልሆነላቸውም፤ ድርጅቱ ተዘጋ፤ ደሳለኝም ወደ አገሩ ተመልሶ ብዙነሽን አገባ። ያኔ የተሸጡት ሣጥኖች አሁን ተራ በተራ እየሞቱ ነው። የውስጣቸው ቺፕ የተጻፈበትን ትእዛዝ ይረሳል። አዲስ ቺፕ ገበያ ላይ ይገኛል፤ ኮዱን ግን ከጻፈው ሰው በቀር ማንም የለውም።

«ጋሼ ደሳለኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም» አለች ሶስና። «ሣጥኑ ያለን ሰዎች በቴሌግራም ተሰባስበናል። ጎንደር አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ውጭ አገርም አለ። እኔ እንጀራዬ ነው፤ ያለሱ መድረክ አልወጣም። እስቲ እንደገና ያስቡ፣ አንድ ፍላሽ እንኳ አልቀረም?»

«አልቀረም።»

በሩ አጠገብ የተማሪ ጥራዝ ስትጠርዝ የነበረችው ብዙነሽ እጇን አቆመች። ከሱቁ ጀርባ፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ላፕቶፑ እንዳለ ታውቃለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይከፍተዋል። «ሥራውን መልሰን ስንጀምር» ይላታል። መጀመሪያ ታምነው ነበር። ኋላ ዝም ማለት ለመደች።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ደሳለኝ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ምን አልሽ?»

«ወተቷንም አላይ» ብላ ጨረሰችው። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ አትዋሻት፤ ነውር ነው።»

ሶስና አንገቷን ደፋች። ደሳለኝ የተከፈተውን ሣጥን እያየ ቆየ። ኮዱን ከሰጠ፣ ሣጥኑን ማንም መሥራት ይችላል። ማንም ከሠራው ደግሞ እሱ መልሶ የሚጀምረው ነገር አይኖርም። ይህን ለራሱም ተናግሮት አያውቅም።

ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ላፕቶፑን ይዟል።

«ላንቺ ብቻ ብሰጥሽስ?»

«እወስዳለሁ» አለች ሶስና። «ግን ነገ የጎንደሩ ልጅ ሲጠይቀኝ እኔም ጠፍቷል ልበለው?»

ብዙነሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ደሳለኝ አሮጌውን ቺፕ ነቅሎ ሶስና ያመጣችውን ሰካ፤ ሣጥኑን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ኮዱን ጫነበት። ሶስና ድምፅ የሚፈጥረውን ሣጥንና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከቦርሳዋ አውጥታ በገመድ ቀጣጠለችና ባቲን ለቀቀች፤ ድምፁ ሱቁን ሞላው። ወደ አምባሰል ስታዞረው ቷ! አለ።

«ይቺ ጉድለት አለችበት» አለ ደሳለኝ። «ቅኝት ሲቀየር ትጮኻለች። ብዙ ታግያት አቃተችኝ።»

«እናውቃታለን» አለች ሶስና።

በሷ ስልክ ኢንተርኔት ኮዱን ለሁሉም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ ጫነው። ገጹ ማን እንዲጠቀምበት እንደሚፈቅድ ጠየቀው። «ማንም» ብሎ ጻፈና ተጫነው። ከዚያ ከቀብር እንደተመለሰ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ሶስና የገጹን አድራሻ ለቴሌግራሙ ቡድን ልካ፣ ዝናቡ አባርቶ ሣጥኑን መልሳ ስትጠቀልል ስልኳ ጮኸ።

«የጎንደሩ ልጅ ነው፣ መዝገቡ» አለች። «ጩኸቷን ያጠፋኋት መሰለኝ ይላል።»

«አሁን? ገና አሁን አይደል እንዴ የላክነው?»

«ኮዱን ነው ያጣው እንጂ ሲያስብባት ነው የኖረው።»

ደሳለኝ ከፍቶ አየ። ልጁ የነካው ጥቂት መስመር ነው። ድምፁ ለቅጽበት እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቅኝቱን ይቀይራል። በቃ። ሁለቴ አነበበው።

«ትንፋሽ ነው የሰጣት» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ስላልሰጠኋት ነው የምትጮኸው።»

ሣጥኑን ከነጠላው አስፈትቶ የታረመውን ኮድ ጫነበት፤ ገመዶቹንም መልሶ ቀጣጠለ። ከባቲ ወደ አምባሰል አዞረው። ጸጥ ብሎ ተሻገረ። መለሰው፤ ደግሞ አሻገረው።

«መዝገቡን ጠይቂልኝ» አለ፣ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ እየጎተተ፤ «ከአንቺሆዬ ሲመለስስ ሞክሮታል?»

አንድ ሰውዬ መታወቂያውን ይዞ በሩ ላይ ቆመና «ፎቶ ኮፒ የለም እንዴ ዛሬ?» አለ። ደሳለኝ ቀና አላለም። ብዙነሽ ተነሥታ መታወቂያውን ከሰውየው እጅ ተቀበለች።